ስብርባሪውን ማን ጠረገው?

ቅዳሜ ማለዳ፣ ጌንት፤ ሰማዩ እንደ እርጥብ ጨርቅ።
ከሌሊት ፈረቃ ገባሁ፣ ዓይኔ እንቅልፍ ሲሰርቅ።
አሥራ አራት ትራም ጠርጌ፣ ወንበር ለወንበር ጎንብሼ፣
ማስቲካውን በቢላ ፍቄ፣ የሰካራም ትውከት አብሼ፣
በሩን ስከፍት ጽናት ቆማለች፣ ከሶፋው ጫፍ ላይ፣
ቀይ ፎጣ ባንገቷ አስራ፣ ልትበር ወደ ሰማይ።
(አባቷ ውስጥ ያንኮራፋል።)

«እማ፣ ዝም በይ! መጣች እኮ!»
መጣች፣ ያቺ በራሪ፣ ካባዋ የእሳት ጅራት፣
በአገሩ ቋንቋ ስሟ ሌላ ነው፤ እኛ ነጎድጓዲት አልናት።
ብረት-ክንዱ ሲሸሽ የከተማውን ደወል ድምፅ ሰርቆ፣
ባንድ ቡጢ ጣለችው፣ ግንቡም መስኮቱም ደቅቆ።
ሕዝቡ አጨበጨበላት፤ እሷም በፈገግታ
ደመናውን ሰንጥቃ ሄደች፣ ሁሉን እንዳለ ትታ።

እውነቱን ልናገር፦ አልወዳትም ነበር።
ከቡጢ ምን ግብረገብ ይገኛል፣ ከመብረርስ ምን ምክር?
እኔን ያሳደገኝ አያ ጅቦ ነው፣ ሆድ እንጂ ክንፍ የሌለው፣
ስቀንበት ስናበቃ የገዛ ሆዳችንን የታዘብነው።

ደግሞም ሐሙስ ዕለት
ሚስ ሊቨ አስቁማኝ ነበር፣ ከትምህርት ቤቱ በር።
ግማሹን በፍላሚሽ፣ ግማሹን በእጇ ስትናገር
ገባኝ፦ ዮሪስ ከሰኞ ጀምሮ የለፋበትን
የእንጨት ግንብ፣ ባለ ሦስት ድልድዩን፣
ልጄ በእርግጫ ናደችው።
«ክፉ ነው እኮ!» አለችኝ፣ ዝናቡ ላይ ቆማ፣
«ኤምሬ አንዲት እንጨት ለምኖት፣ እንቢ አለው እኮ፣ እማ!»
ለዚህ ምን ይመለሳል? ለደካማ መቆም መልካም።
የሰው ልፋት መናድ ግን... ቃል ፈለግኩ፣ አልመጣልኝም።

አሁን ታሪኩ አልቆ ስም ዝርዝሩ ሲወጣ፣
ጽናት ከሶፋው ወረደች፣ እየጎተተች ፎጣ።
«እማ፣ መስታወቱስ?»
«የቱ መስታወት?»
«የተሰበረው ሁሉ። እሷ በራ ሄደች። ማን ጠረገው?»

ከቦዩ ማዶ የእውነቱ ደወል መታ፤ ማንም አልሰረቀውም።
ገና ከእጄ ያልወለቀው ጓንት በረኪና በረኪና ይሸታል።
ጓንቱን አየች። ጫማዬን አየች። ነገር ሲገባት ያስታውቃል።
«አንቺ ነሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ፣
«ከነጎድጓዲት ጋር ነው የምትሠሪው፣ ማታ ማታ?»

መዋሸት አማረኝ። እንዴት እንዳማረኝ!
«አይደለም» አልኳት፤
«እሷ ከሄደች በኋላ ነው የምገባው።»
ከዚህ በላይ አልመከርኩም። እንቅልፍ ጣለኝ፣ ከነጫማዬ።

ሰኞ ፎጣውን ትታ ሄደች። የቀረውን ሚስ ሊቨ ነገረችኝ፦
ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ፣ እንጨቱን አንድ በአንድ ስትለቅም
«አትንኪብኝ!» አላት ዮሪስ። እውነቱን ነው፤ ልፋቱ ነው የፈረሰ።
አንዷን እንጨት ዘረጋችለት፤ ፊቱን ወደ መስኮት መለሰ።
ሁለተኛዋንም።
ሦስተኛዋን፣ ዓይኗን ሳያይ፣ ተቀበላት።
ግንቡ ተሠራ፤ ጎበጥ ብሏል፤ ድልድዩም ሁለት ቀረ።
አናቱ ላይ ያለችውን እንጨት ትንሹ ኤምሬ ጨመረ።
ዮሪስ ከልቡ ፈቀደ ወይ? አላውቅም፤ አልጠየቅኩም።
ይቅርታ እንደ ካርቱን በአንድ ክፍል አያልቅም።

ያቺን በራሪ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልወደድኳትም።
ግን ያስተማረቻትን ልክድ አልችልም፦
አምፖሉ በተቃጠለበት ደረጃ ቀድማኝ ትወጣለች ጽናት፣
እየተንቀጠቀጠች። «አትፈሪም?» ስላት፣
«ፈርቼ ነው የምሄደው» ትለኛለች፣ ልክ እንደ ነጎድጓዲት።

ስለዚህ ከእንቅልፌ ቆርሼ ጎኗ እቀመጣለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ።
ባለፈው ድልድይ ሰበረች፣ ባቡር ጣቢያም ጨመረች፤
ልጄ ጣቷን ቀስራ መስኮቶቹን ቆጠረች፦
አሥራ ሰባት።
ከዚያ ዞራ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ፣
«አይዞሽ እማ፣ ዛሬ ማታ ሥራ ይበዛብሻል» አለችኝ።